ቁጥር ያልተጻፈባቸው ብረቶች

ጀዋሂር ሂጃቧ ላይ ሰክታው የነበረውን እስክሪብቶ መዘዘችና ከችግኜ ጎን አቆመችው።

«አየህ፣ ይሄ እስክሪብቶ ነው» አለችኝ። «ይሄኛው ደግሞ ክር።»

እውነቷን ነው። ቲማቲሞቼ በአስራ ስምንት ቀናቸው ስንዝር ሊሞሉ ጥቂት ነው የቀራቸው፤ አገዳቸው ግን ከስፌት ክር አይበልጥም። እፍ ቢሏቸው ይተኛሉ። እኔ ራሴ አጠገባቸው ስቆም ትንፋሼን ቆጠብ አደርጋለሁ።

«ገና እኮ እያደጉ ነው» አልኳት።

«ማደጉንማ አደጉ፣ ልክ እንዳንተ! ወፈር ማለቱ ነው የቀራችሁ።»

ሳቀች። ስትስቅ የእድሩ ትልልቅ ድስቶች አብረዋት ያስተጋባሉ። ጀዋሂር ሰበታ ላይ የዘርና የእርሻ መድኃኒት ሱቅ አላት። ዘሩን የገዛሁት ከእሷ ነው፤ ስገዛም «በዚህ ክረምት፣ ፀሐይ በሌለበት፣ ቤት ውስጥ አብቅዬ አሳይሻለሁ» ብዬ ፎክሬባት ነበር። ዛሬ ቡራዩ የመጣችው ለወንድሟ ለኡበይድ ልጅ፣ ለሩዋይዳ ሰርግ ዝግጅት ነው፤ በዚያው ፉከራዬን ልታይ ጎራ አለች።

«ስማ» አለች ሳቋን ገታ አድርጋ። «የሰበታ ገበሬ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም ችግኝ፣ ችግኝ እያለ ነው የሚመጣብኝ። ነሐሴ ሃያ እመጣለሁ። አገዳቸው ይሄን እስክሪብቶ ካከለ ሦስት መቶውንም እወስዳለሁ፤ ከዚያ በኋላም ካንተ ሌላ ችግኝ አቅራቢ አልፈልግም። ክር ከሆኑ ግን ከሆለታ አስመጣለሁ። ያኔ እኔና አንተ ሰላምታ ብቻ።»

እስክሪብቶውን መዳፌ ላይ አኖረችው።

«መለኪያህ ይሁን። ትመልስልኛለህ ግን!»

የምኖረው ከሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ጎን በተለጠፈች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ አራት ዓመቴ ነው፤ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ሰኔ መባቻ ላይ እድሩ ክፍሏን ሰጠኝ፣ እኔ ደግሞ ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድንኳኑን እጠብቅለታለሁ። ቀብርና ሰርግ በሌለበት ሳምንት በሬን የሚያንኳኳ የለም። ቅር ብሎኝ አያውቅም። አግዳሚው ላይ ጋደም ብዬ ከመናገሻ ተራራ ግርጌ አንድ የመስታወት ቤት በሐሳቤ እሰራለሁ። ውስጡ ሞቃት ነው፤ ቲማቲሙ በረድፍ በረድፍ ቀልቶ ተንጠልጥሏል፤ ውጪ በረዶ ሲወርድ መስታወቱ ላይ እየነጠረ ይመለሳል።

በረዶውን በከንቱ አልጨመርኩትም። ሰኔ ላይ ግቢው ውስጥ ያፈላሁትን ችግኝ የሩብ ሰዓት በረዶ ከአፈር ደባልቆት ሄደ። ያን ቀን ነው የዕቃ ቤቱን በር ከፍቼ ጨለማውን በሌላ ዓይን ያየሁት። በረዶ አይገባበት፣ ዶሮ አይገባበት! የጎደለው ብርሃን ብቻ ነው። ብርሃን ደግሞ ዲኖ ነበረው።

ዲኖ የሰፈራችን ኤሌክትሪሺያን ነው፤ አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ሊታደስ ከፈረሰ የልብስ ሱቅ የነቀላቸውን ስድስት ረጃጅም ነጭ ኤልኢዲ መብራቶች ሰጠኝ።

«ለምንህ ነው?» ሲለኝ፣

«ለቲማቲም» አልኩት።

«ምነው፣ ጨለማ ይፈራሉ?» አለና እየሳቀ ሄደ።

ችግሩ መስቀያው ነበር። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ሩቅ ነው፣ ኮርኒስም የለው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሚስማር ስትመታበት ልስኑ ይረግፍና ሚስማሩ እጅህ ላይ ይቀራል። ብየዳ ቤት ሄጄ ላሰራ ብል አቅሜ አይደለም። በዚህ ስብሰለሰል ዓይኔ ጥጉ ላይ በተደረደሩት የድንኳን ብረቶች ላይ አረፈ።

እድር ውስጥ ቁጥር የሌለው ዕቃ የለም። ድስቱ ሆዱ ላይ፣ ጭልፋው እጀታው ላይ፣ አግዳሚው እግሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥሩ ተጽፎበታል። ይሄን ያደረጉት ከእኔ በፊት የነበሩት ጠባቂ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና ማንኪያ እንኳ አላመለጣቸውም። የድንኳኑም ብረቶች ከአንድ እስከ ስልሳ አራት ተጽፎባቸዋል። ከኋላቸው ግን ስምንት ብረቶች ምንም ሳይጻፍባቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ቁጥር ከሌላቸው የእድሩ አይደሉም፣ አንድ ሰው ትርፍ ብሎ የጣላቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ፤ እኔ ከገባሁ ወዲህ ድንኳኑ ተተክሎ አያውቅም። ማንንም አልጠየቅኩም። ብቻውን የሚኖር ሰው ጥያቄውንም መልሱንም የሚሰጠው ራሱ ነው።

ብረቶቹን በመገጣጠሚያቸው አያይዤ እንደ በር መቃን አቆምኳቸው። አናታቸው ላይ መብራቶቹን በሽቦ ጠፈርኩ። ከስር፣ እግራቸው የተሰበረ ሁለት አግዳሚዎች ላይ፣ ግማሽ ለግማሽ በተቆረጠ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ያፈላኋቸውን ችግኞች ደረደርኩ። ማብሪያውን ስጫን ዕቃ ቤቱ ቀን ሆነ! ድስቶቹ ሁሉ አበሩ። ለብቻዬ አጨበጨብኩ፤ አላፍርበትም።

ግን የድንኳን ብረት ከእኔ ቁመት ይበልጣል፤ ችግኞቹ ደግሞ ከጉልበቴ አይደርሱም። ያን ከሰማይ የራቀ ብርሃን እንይዛለን ብለው ሲሮጡ ነው ክር የሆኑት። ይሄ የገባኝ ጀዋሂር ከሄደች በኋላ፣ እስክሪብቶዋን ይዤ ፈዝዤ በተቀመጥኩበት ነው። መብራቱ ዝቅ ማለት አለበት! በምን? ብረቱን በማሳጠር! ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሳሁ።

አርብ ጠዋት የሰፈሩ ወጣቶች ለሰርጉ ድንኳኑን ሊወስዱ መጡ። ኡበይድ ሰርጉን ለእሁድ የቆረጠው ፍልሰታ ሳይገባ ነው፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ ለብቻ የሚታረደው በግ ጾም እንዳይገጥመው ብሎ። ሸራውን፣ ገመዱን፣ ስልሳ አራቱን ብረት በቁጥራቸው እየጠራሁ አስረከብኩ። አንድም አልጎደለም። ደረቴ ነፋ አለ።

እነሱ እንደወጡ በሩን ዘጋሁና ከዲኖ የተዋስኩትን የብረት መጋዝ አወጣሁ። የመብራቱን ማቆሚያ አንዱን እግር ፈታሁ፣ በምትኩ አግዳሚ አስደገፍኩ፤ ብረቱን ድስት ላይ አጋድሜ መቁረጫውን በጀዋሂር እስክሪብቶ ምልክት አደረግኩበት። መጋዙን አሳረፍኩ። ጭርርር! አንድ። ጭርርር! ሁለት። የብረት ብናኝ ጫማዬ ላይ መርገፍ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ።

«መልከጼዴቅ!»

የእድራችን ዳኛ ጋሽ መኮንን ናቸው። ደስ ሲላቸው መልኬ ነው የሚሉኝ።

«አቤት ጋሼ!»

«ድንኳኑ አናት የለውም! ቶሎ ና!»

እየሮጥኩ ኡበይድ ግቢ ስደርስ የድንኳኑ ጎንና ጎን ቆሟል፣ መሃሉ ግን መሬት ላይ ተዘርፍጧል። ዲኖ የተዘረፈጠው ሸራ ላይ ቁጭ ብሎ ይስቃል።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ሙሽሮቹ እየዳሁ ይገባሉ!»

«ዝም በል አንተ!» አሉት ጋሽ መኮንን። ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ዛሬም ሲቆጡ ጠመኔ የሚፈልጉ ይመስላሉ። «የጣሪያው ብረት ነው የጎደለው። ስምንት! ስምንት ብረት ተኖ አይጠፋም። የላይ ሰፈር እድር ናቸው! ግንቦት ላይ ለለቅሶ አዋስናቸው፣ ይኸው ጎዶሎ መለሱልን። ዛሬ ልካቸውን ነው የምነግራቸው።»

ስልካቸውን አወጡ።

«ቆይ እስቲ መኮንን» አሉ ኦቦ ቱፋ። ኦቦ ቱፋ የሱሉልታ ሰው ናቸው፤ ድርቆሽ በአይሱዙ እየጫኑ ይሸጣሉ፣ ቤታቸው ግን እዚህ እኛ ሰፈር ነው። ረጋ ብለው ነው የሚናገሩት። «እነዛ ብረቶች አምና ነፋስ ያጎበጣቸውን ልንተካ እኔና አንተ የገዛናቸው አይደሉም? ቀለም እንኳ አልተቀቡም። ያኔ ጠባቂያችን አርፈው ነበራ።»

ስምንት። ቀለም ያልተቀቡ።

«ቀለም ኖራቸው አልኖራቸው፣ ወስደዋል!» ጋሽ መኮንን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉ። ሲጠራ ይሰማኛል። በመናገሻ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ዝም ብል ማንም አያውቅም። የላይ ሰፈሮቹ ይክዳሉ፣ እኛ እንምላለን፣ ሌላ ድንኳን ከሌላ ሰፈር ይመጣል፣ ቲማቲሞቼ መብራታቸው ስር ይቀራሉ። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ከዚያ ግን የላይ ሰፈሩ ጠባቂ ትዝ አለኝ። ሀሰኖ ይባላል፤ እንደ እኔው ከድስት ጋር የሚያድር ሰው ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ አይደውሉ!» ድምጼ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «እኔ ጋ ናቸው።»

«ምን አልክ?»

«ብረቶቹ። እኔ ጋ ናቸው። የቲማቲም መብራት ሰቅዬባቸዋለሁ።»

ስልኩ ውስጥ አንድ ሰው «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ጋሽ መኮንን ስልኩን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደምን አደራችሁ... ኧ... እሁድ ከሰርጉ እንዳትቀሩ ልል ነው» ብለው ዘጉት።

ዲኖ ሸራው ላይ ተንከባለለ።

ሁሉም ተከትለውኝ መጡ። የዕቃ ቤቱን በር ስከፍት ጋሽ መኮንን ገና ሲገቡ ያዩት መጋዙን ነው፤ ብረቱን እንደነከሰ ቀርቷል።

«መጋዝ!» ደረታቸውን ያዙ። «በእድር ብረት ላይ መጋዝ!»

«ሁለቴ ብቻ ነው የሳብኩት ጋሼ።»

«ባልደውል ሦስተኛውን ትስብ ነበራ!»

ጎንበስ ብለው ጭረቱን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ጥልቅ አልነበረም። «ይሸከማል» አሉ በመጨረሻ። ቀና ሲሉ ነው ሌላውን ያዩት፦ ስድስቱን መብራት፣ ከስራቸው ሦስት መቶ አረንጓዴ አንገት ወደ ላይ ተንጠራርቶ።

«ወንድሜ!» አለ ዲኖ። «እውነትም ለቲማቲም ነው እንዴ!»

«ይፈታ» አሉ ጋሽ መኮንን፤ ድምጻቸው ግን ወረድ ብሎ ነበር። «ዝናቡ እየመጣ ነው። ያንተን ጉዳይ ሰርጉ ሲያልፍ እናየዋለን።»

ሶኬቱን ነቀልኩ። ዕቃ ቤቱ ጨለመ። ሽቦውን በፒንሳ እየፈታሁ መብራቶቹን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስተኛኋቸው፤ ወጣቶቹ ብረቶቹን በትከሻቸው አድርገው ወጡ። የጀዋሂር እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይወጋኛል። አሁንም ክር የሆነ ችግኝ ጨለማ ውስጥ ሦስት ቀን ቢቆይ የበለጠ ይመዘዛል፣ ከዚያ በቃ ይወድቃል። ነሐሴ ሃያ ድረስ ምን ልጠብቅ?

ኦቦ ቱፋ ግን አልሄዱም። ቁጢጥ ብለው የስልካቸውን መብራት በችግኞቹ ላይ አዞሩት።

«እነዚህ ኢጆሌ» አሉ፤ ልጆች ማለታቸው ነው፤ «ወዴት ነው የሚሮጡት?»

«ወደ መብራቱ ነው ኦቦ ቱፋ።»

«መብራቱስ፣ ለምን ወደ እነሱ አይመጣም?»

«አንቱ ደግሞ... እንዴት ይመጣል?»

«ላሟ ወደ ሳሩ መሄድ ካልቻለች ሳሩን ለላሟ እንወስድላታለን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ እንጀራ የበላሁት በዚህ ነው። አምጣላቸዋ!»

«ብረት የለኝም እኮ አሁን።»

«ብረት ማን አለህ? ጓሮ ያለው አጠና ምን ሰራ?»

አጠናው! አጥሩ ሲታደስ የተረፈ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ እየተራመድኩት ነው የምወጣው የምገባው። እኔ ብረት ብረት ስል እሱ እግሬ ስር ተጋድሞ ነበር! ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር ይከብደኛል፤ እጆቼ ከሐሳቤ ቀድመው ይሰሩ ነበር። አጠናውን ከወገቤ በማይበልጥ ቁመት ቆረጥን። መሬቱ ሲሚንቶ ስለሆነ አይተከልም፤ ስለዚህ አራት ባዶ የቀለም ባልዲ ፈልጌ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ እግር አቆምን፣ ዙሪያውን ድንጋይ ጠቀጠቅን፣ ድንጋዩን በጭቃ ሞላነው። ከእግር እግር ከላይ አንድ አግዳሚ እንጨት በሚስማር መታን። ባልዲ ላይ የቆመ ትንሽ ጎል ሆነ። ሁለተኛውን ስንጀምር ዲኖ ተመልሶ መጣ።

«መዶሻዬን ፈልጌ ነው» አለ። ጎሎቹን አየ። «የሕፃናት ቡድን ልታቋቁሙ ነው?»

«ና ያዝ አንተ!» አሉት ኦቦ ቱፋ።

ያዘ። ከዚያ በኋላ መዶሻውን ከእጁ የሚቀበለው አልተገኘም። መብራቶቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ቀጭን ጣውላ ላይ አሰለፈ፣ ሽቦዎቹን በፕላስተር ጠቀለለ፣ እኔ ከጀርባቸው አዲስ የቆርቆሮ ቁራጭ እንደ ቤት ክዳን አጥፌ ደረብኩ፤ ብርሃኑ ወደ ጎን እንዳይባክን። የቆርቆሮው ጠርዝ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ትዝ ያለኝ ከምሳ በኋላ ነው።

አሁን የቀረው ማንጠልጠያው ነው። ሽቦ ላንሳ ስል ኦቦ ቱፋ እጄን መታ አደረጉኝ።

«ሽቦ አንዴ ከታሰረ ታሰረ። እነዚህ ነገ ያድጋሉ። ነገ ምን ልታደርግ ነው? እንደገና መጋዝ?»

ከአይሱዙአቸው የድርቆሽ ገመድ አመጡ። ከሱሉልታ ድርቆሽ ጭነው ቁልቁል ሲወርዱ ጭነቱ በመንገድ ላይ ይቀመጣል፣ ገመዱ ይላላል፤ ስለዚህ እየቆሙ የሚያጠብቁበት ቋጠሮ አላቸው። ገመዱን በጎሉ አናት ላይ አዙረው ጫፉን በራሱ ላይ ጠመጠሙት።

«እይ። ዙር፣ ዙር፣ ከዚያ ከላይ አንድ። ሞክር።»

ሞከርኩ። ተፈታ።

«ከላይ አልኩህ እኮ፣ ከላይ!»

ደግሜ ሞከርኩ። ቋጠሮው ያዘ። መብራቱን የተሸከመውን ጣውላ አንጠለጠልንበት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ቋጠሮውን በሁለት ጣቴ ወደ ላይ ስገፋው ተንሸራተተ፣ ጣውላውም ዝቅ አለ። ስለቀው ነክሶ ቀረ። ወደ ታች ሳብኩት፣ ጣውላው ከፍ አለ። ለቀቅኩት፤ ቀረ!

«ሲጎትቱት ይነክሳል፣ ሲገፉት ይሄዳል» አሉ ኦቦ ቱፋ። «እንደ አህያ አይደለም፤ አህያ ስትገፋውም አይሄድ።»

ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረግኩት፤ ከቅጠሎቹ አናት አንድ ጭብጥ እስኪቀር። ከስር እጄን ዘርግቼ ሞከርኩ፤ አያቃጥልም። ዲኖ ሶኬቱን ሰካ።

እንዲህ ያለ ብርሃን አይቼ አላውቅም። ያው ስድስት መብራት ነው፣ ያው የተጣለ ዕቃ ነው፤ አሁን ግን የጣሪያውን ሸረሪት ማብራት ትቶ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ተቀምጧል። የቅጠሉ ፀጉር እንኳ ይታያል። ሳላስበው «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያው ቅጽበት ከኡበይድ ግቢ እልልታ ተሰማ፤ ድንኳኑ አናቱን ይዞ ቆሞ ነው። ዲኖ «ለኛ ነው፣ ለኛ ነው!» እያለ እጅ እየነሳ ጎንበስ ቀና አለ። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

እሁድ ሰርጉ ላይ ሳህን ሳመላልስ አንድ ጊዜ ቀና አልኩ። ሁለት ጭረት ያለባት ብረት ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ ሆና ጣሪያውን ተሸክማለች። ውጪ ይዘንባል፣ አንዲት ጠብታ አልገባችም።

ማክሰኞ ጋሽ መኮንን ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ።

«የእድሩ ኮሚቴ ቅጣትህን ወስኗል» አሉ። «ስምንቱ ብረት ከስልሳ አምስት እስከ ሰባ ሁለት ይጻፍባቸዋል። የሌሎቹም ቁጥር የደበዘዘው ሁሉ ይታደሳል። አንዱን ብትዘል ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። ማምሻውን መጡና አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዕቃ ቤት ገብተው ጎሎቹን ዞሯቸው፤ ቋጠሮውን ገፋ አደረጉ፣ ሳብ አደረጉ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት።

«ይሄ አጠና የእድሩ አጥር ትራፊ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«እና ቁጥሩ የታለ? እድር ውስጥ ቁጥር የሌለው ዕቃ ምን እንደሚደርስበት አላየህም?» ብሩሹን ከእጄ ወሰዱና በአንደኛው ጎል እግር ላይ 73፣ በሌላኛው ላይ 74 ብለው ጻፉ፤ በሰሌዳ ጽሕፈት፣ ቆንጆ አድርገው። «አሁን ተመዝግቧል። መዝገብ ላይ ያለን ነገር ማንም አይነካብህም፣ መልኬ።»

መልኬ አሉኝ!

ነሐሴ ገባ። በየጠዋቱ የመጀመሪያ ሥራዬ እስክሪብቶውን ከአገዳቸው ጎን ማቆም ሆነ። የመጀመሪያው ሳምንት ቁመታቸው ባለበት ቆመ፤ ደነገጥኩ፤ በኋላ ሳየው ሩጫቸውን አቁመው ነው። የሚሮጡበት ምክንያት የላቸዋ! ከዚያ ጉልበታቸውን ወደ አገዳቸው መለሱ። እነሱ ከፍ ሲሉ ገመዱን ሁለት ጣት ሳብ አደርጋለሁ። ነፋስ እንዳይናፍቃቸው ጠዋትና ማታ በመዳፌ አናታቸውን እዳብሳለሁ፤ እጄ የቲማቲም ቅጠል ሽታ ይዞ ይውላል። ከጎሉ ጥግ ያሉት ብርሃን እንዳያንሳቸው ጠርሙሶቹን በየቀኑ አዟዙራለሁ፤ የጥጉ ወደ መሃል፣ የመሃሉ ወደ ጥግ። መብራት ሁለት ቀን የጠፋ ጊዜ ሦስት መቶውንም ጠርሙስ ጠዋት ወደ በረንዳ፣ ደመናው ሲከብድ ወደ ውስጥ አመላለስኩ። አንድ ቀን ዲኖ አይቶኝ «ትምህርት ቤት አድርሰህ መልሰሃቸው ነው?» አለኝ። እየሳቅኩ ማመላለሴን ቀጠልኩ።

ነሐሴ ሃያ ጀዋሂር መጣች። ጋሽ መኮንን የሆነ ዕቃ ቆጠራ ትዝ ብሏቸው ቀድመው ደርሰዋል፤ ኦቦ ቱፋ ገመዳቸውን ሊያዩ መጥተዋል።

«እስክሪብቶዬ?»

ሰጠኋት። እኔ ፊት ለፊት ያሉትን ወፋፍራሞቹን ላሳያት ስል እጇን አወዛወዘች።

«እሱን ተወው። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ጥሩው ቲማቲም ከላይ እንደሚደረደር አውቃለሁ። ጥጉን አሳየኝ።»

ጎንበስ ብላ ከኋላ፣ ከጥጉ አንዱን አወጣች። እስክሪብቶውን ከጎኑ አቆመች። ዓይኗን አጠበበች። ሌላ አወጣች። ሌላ። በጣቷ አገዳውን ገፋ ስታደርገው ተመልሶ ቀጥ ይላል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ጋሽ መኮንን አንድ ድስት ላይ ያለውን ቁጥር ለአራተኛ ጊዜ ያነባሉ።

«ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ። «ጥጉም ያው ነው።»

ቀና አለች።

«እነዚህ አርባ የሚሆኑት ትንሽ ይቀራቸዋል፤ ሳምንት ቆይተው ይምጡ። ሌላውን ነገ መኪና ልኬ አስነሳለሁ። የሆለታውን ሰውዬ ደውዬ አትምጣ እለዋለሁ። ለጥቅምት ደግሞ ቃሪያ እፈልጋለሁ፤ ትችላለህ?»

«እችላለሁ!» ያልኩት ጥያቄውን ሳትጨርስ ነው።

«ባዬ ጋሪ!» አሉ ኦቦ ቱፋ፤ በጣም ጥሩ ማለታቸው ነው። ትከሻዬን መቱኝ።

ጀዋሂር አሁን ችግኙን ትታ ጎሉን እያየች ነው። ቋጠሮውን ገፋችው፤ መብራቱ ዝቅ አለ። ሳበችው፤ ከፍ አለ። ፈገግ አለች።

«ሱቄ ጀርባ አንዲት ጨለማ ጓዳ አለችኝ። እነዚህን ሁለቱን ብትሰጠኝስ?»

«ሰባ ሦስትና ሰባ አራት ከዚህ ንቅንቅ አይሉም!» አሉ ጋሽ መኮንን ከድስቶቹ መሃል። «የእድር ንብረት ናቸው። ከፈለግሽ ሌላ ይስራልሽ።»

«ይስራልኛ! እኔ ምን አልኩ? አንተ፣ መቼ ትጀምራለህ? እስክሪብቶዬንስ የት አደረግከው? አሁን እዚህ ጠርሙሱ ላይ ነበር!»

እኔ ግን ጓሮ ነበርኩ፤ ዝናቡ እየመታኝ፣ ከቀሩት አጠናዎች ረጅሙን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ በእስክሪብቶዋ መቁረጫውን ምልክት እያደረግኩበት።

«ቆይ፣ አንዴ!» አልኳት።